ጣና በደረቀበት ዘመን

ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በእግር የሚኬድበት ዘመን ነበር። መንገደኛው ዛሬ ደሴት የሆኑትን ደቅንና ዳጋን እንደ ማንኛውም ኮረብታ በሩቁ እያየ፣ እግሩን ውኃ ሳይነካው፣ ደርቆ በጠነከረ የጭቃ ሜዳ ላይ ያቋርጣል። ክረምት ሲሆን ጎርፍ የሚወርድባቸው፣ በጋ ሲገባ የሚነጥፉ ቦዮች አልፎ አልፎ መንገዱን ይቆርጡበታል። ታንኳ የለም፤ የሚቀዘፍበት ውኃ የለምና። ከሐይቁ አፍ የሚወጣ ዓባይም የለም። ዘመኑ ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ይህን ያየ ሰው ቢኖርም የጻፈ የለም፤ ፊደል ገና አልተፈለሰፈም። ነገሩ የታወቀው ከሐይቁ ወለል ተመዝዞ ከወጣ የጭቃ ዘንግ ነው።

ጣናን ለሚያውቅ ሰው ወሬው ቀልድ ይመስላል። የአገሬው ሰው «ባሕር» እያለ ነው የሚጠራው፤ ከተማዋም ባሕር ዳር ተብላለች። ማዕበሉ በተነሣ ቀን ይህ ስም የተጋነነ አይመስልም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ሲለካ ግን ሌላ ሐይቅ ይወጣዋል፦ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። አራት ፎቅ ሕንፃ ቢሰምጥበት ጣሪያው ለጥቂት ነው የሚሸፈነው። ጣና ሰፌድ እንጂ ጋን አይደለም። ከገጹ ላይ ፀሐይና ነፋስ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ውኃ ይወስዱበታል። ዝናቡና ወንዞቹ ባይተኩለት ኖሮ አሥር ዓመት ገደማ ሲያልፍ ወለሉ ይታይ ነበር።

እንዲህ ያለ ሐይቅ የዝናብን መዋዠቅ ቶሎ ያሳብቃል። ለሳይንቲስቶች የጣመውም ይኸው ነው።

* * *

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይላል ተረቱ። ለጣና ግን አይሠራም፤ ጣና ማደሪያ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ ከጎጃምና ከጎንደር ተዳፋት ያጠቡትን ቀይ አፈር ተሸክመው ይገባሉ። ውኃው ረጋ ሲል ደቃቁ አፈር ቀስ እያለ ይዘቅጣል። ከእርሱ ጋር የአበባ ብናኝ፣ ከሰደድ እሳት የተረፈ የከሰል ቅንጣት፣ ከቅጠል የተራገፈ ሰም፣ በውኃው ውስጥ ኖሮ የሞተ ጥቃቅን ነፍስ ሁሉ ይወርዳል። የዘንድሮው በአምናው ላይ፣ የአምናው በካቻምናው ላይ ይነባበራል። ይህ ደለል ነው።

ክምችቱ እጅግ ዝግ ያለ ነው። ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል የወጣው 10 ሜትር ያህል የደለል ዘንግ ወደ 17,000 ዓመት ይዟል። ሲካፈል ለአንድ ዓመት የሚደርሰው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። 80 ዓመት የኖረ ሽማግሌ ያየው ክረምትና በጋ፣ ጥጋብና ረሃብ ተጠቃሎ የአውራ ጣት ቁመት አይሞላም።

የኢትዮጵያ የዝናብ መለኪያ መዝገብ ደግሞ ከመቶ ጥቂት ፈቀቅ ያሉ ዓመታት ዕድሜ ቢኖረው ነው። ከዚያ በፊት ስላለው ክረምት የሰው እጅ ያቆየው ረጅሙ መዝገብ ያለው፣ የሚገርመው፣ ካይሮ ነው፤ ሮዳ ደሴት ላይ የዓባይ ሙላት ከ622 ጀምሮ፣ መሐል መሐል እየተቋረጠም ቢሆን፣ ሲለካ ኖሯል። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የደጋው ዝናብ ደግ ሲሆን ግብፅ ትጠግባለች፣ ሲነጥፍ ትራባለች፤ ስለዚህ ለክቶ መጻፍ የግብር ሰብሳቢው ሥራ ነበር። ይህም ቢሆን 1,400 ዓመት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው ጭቃው ብቻ ነው።

ጭቃውን እንዴት ያናግሩታል?

ከምስክሮቹ ሁሉ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ዳያቶም ነው። ዳያቶም በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ሲሆን፣ ቤቱን የሚሠራው ብርጭቆ ከሚሠራበት ከሲሊካ ነው። ነፍሱ ስትወጣ ቤቱ ሳይፈርስ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ዝርያዎቹ በሺህ ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱም የየራሱ ቅርጽና ጌጥ አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ በውኃ ላይ ቀበጥ ነው። አንዱ ጨው ካልቀመሰ አይኖርም፣ ሌላው ጨው ሲሸተው ይሞታል። አንዱ ጥልቅ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው ከሣርና ከደንገል ግንድ ላይ ተጣብቆ ጥልቀት በሌለው ዳር ይኖራል። ስለዚህ ባለሙያዋ ከቁራጭ ጭቃ ላይ ጥቂት መቶ ዳያቶም በማይክሮስኮፕ ከቆጠረች፣ ያ ጭቃ በወረደበት ዘመን ሐይቁ ጥልቅ ይሁን ረግረግ፣ ጨዋማ ይሁን ጣፋጭ መናገር ትችላለች። ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ጋስ በዚህ ሙያ ስሟ የገነነው በአፋር ነው። በ1977 ያሳተመችው የአቤ ሐይቅ ታሪክ ወደ 70,000 ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር የአበባ ብናኝ ነው። ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት በ1916 ክሪስቲያኒያ፣ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ፣ ብናኝን ከረግረግ አፈር ውስጥ እየቆጠሩ የጥንቱን ደን መልክ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። የብናኝ ቅርፊት ለጉድ ጠንካራ ነው። በላቦራቶሪ ጭቃውን የሚያሟሙበት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ብርጭቆ ይበላል፤ ብናኙ ግን በሕይወት ያለ ይመስል ከውስጡ ይወጣል። የዝግባው፣ የጥዱ፣ የወይራው፣ የአስታው ብናኝ እያንዳንዱ በመልኩ ይለያል።

የቀሩት ምስክሮች ኬሚካዊ ናቸው። ቲታኒየም በውኃ የማይሟሟ፣ ከአፈር ጋር ብቻ የሚጓዝ ንጥረ ነገር በመሆኑ በደለሉ ውስጥ ሲበዛ ብዙ አፈር ታጥቦ እንደገባ ያመለክታል፤ ዛሬ ዘንጉን በራጅ መቃኛ ሥር አሳልፎ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር መለካት ይቻላል። የቅጠል ሰም ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አይሶቶፕ ደግሞ ተክሉ ስለጠጣው ዝናብ ይናገራል። አንዱ ምስክር ብቻውን ሲቀርብ ሊያሳስት ይችላል። ቲታኒየም የጨመረው ዝናብ ስለበዛ ነው ወይስ ገበሬው ተዳፋቱን መንጥሮ ስላረሰው? ብናኙና ከሰሉ ተጠርተው ካልመሰከሩ አይታወቅም። በጎ ተመራማሪ እንደ ጥሩ ዳኛ ነው፤ በአንድ ምስክር አይፈርድም።

* * *

ጭቃውን ማውጣት የጉልበትና የብልሃት ሥራ ነው። ለብዙ ሐይቆች የሚያስፈልገው ሁለት ጀልባ አስሮ የተሠራ መድረክ፣ ረጃጅም የብረት ዘንጎችና ጠንካራ ክንድ ነው። ተራ ቧንቧ ወደ ጭቃ ቢወጋ የሚገባው ጭቃ ይጨማደዳል፣ ሲወጣም ያንሸራትታል። አሜሪካዊው ዳንኤል ሊቪንግስተን በ1955 ያስተዋወቀው ቀላል መሣሪያ ይህን የፈታው በሲሪንጅ ብልሃት ነው፦ ቧንቧው ወደ ታች ሲገፋ በውስጡ ያለው ፒስተን ከጭቃው ገጽ ጋር ባለበት ይቆማል፤ የሚፈጠረው መሳብ ደለሉን እንዳለ ይዞ ያወጣዋል። አንድ ሜትር ይወጣል፣ ይጠቀለላል፣ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ያው ቀዳዳ ተፈልጎ የሚቀጥለው ሜትር። ሊቪንግስተን ራሱ በዚህ መሣሪያ ብዙ የአፍሪካ ሐይቆችን ወግቷል።

ከወጣ በኋላ ጥያቄው «ይህ ቁራጭ የስንት ዓመት ነው?» የሚል ነው። አንዳንድ ሐይቅ መልሱን በነጻ ይሰጣል። የጃፓኑ ሱይጌትሱ ሐይቅ ጸጥ ያለና ወለሉ ኦክስጅን የሌለው ስለሆነ ጭቃውን የሚያተራምስ ትል የለበትም፤ በየዓመቱ አንድ ነጣ ያለና አንድ ጠቆር ያለ መስመር ያሰምራል። እዚያው አጠገብ በ2018 በተከፈተው ቤተ መዘክር 45 ሜትር የሚረዝም፣ 70,000 ዓመት የያዘ ደለል በብርሃን ተደግፎ ለጎብኚ ይታያል፤ ዓመቱ እንደ ዛፍ ቀለበት ይቆጠራል። ጣና እንዲህ ለማዳ አይደለም። ጥልቀት ስለሌለው ነፋሱ እስከ ወለሉ ያናውጠዋል፤ መስመር አይይዝም።

ለእንዲህ ዓይነቱ የተረፈው ራዲዮካርቦን ነው። ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ በ1949 ይፋ ያደረጉት፣ በ1960 ኖቤል ያሸለመው ዘዴ፦ ሕይወት ያለው ነገር ሲሞት በውስጡ ያለው ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ቅጠል ወይም እንጨት ከጭቃው ውስጥ ከተገኘ ዕድሜው ይሰላል። 50,000 ዓመት ሲደርስ ግን የሚቆጠረው ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ሌላ ሰዓት ይፈለጋል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ተጨማሪ ተንኮል አለ። ከእሳተ ገሞራ ምድር የሚወጣ አሮጌ ካርቦን ውኃው ውስጥ ገብቶ ትናንት የሞተውን አልጌ የሺህ ዓመት ሽማግሌ ያስመስለዋል። ያው እሳተ ገሞራ ግን ለበደሉ ይክሳል፤ በየደለሉ መካከል የተኛው የአመድ ንጣፍ በራሱ ዘዴ ዕድሜው ይለካል።

* * *

የጣና ሥራ በሁለት እግር የቆመ ነበር። በዌልስ የአበሪስትዊት ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ላምብ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመርና ባልደረቦቻቸው በመጀመሪያ ከጀልባ ላይ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ላኩ። ሞገዱ ለስላሳውን ጭቃ ሰንጥቆ ያልፋል፣ ጠንካራ ንጣፍ ሲያገኝ ይመለሳል። በተገኘው ምስል ላይ አራት ጠንካራ ንጣፎች አንዱ ከሌላው በታች ተሰልፈው ታዩ። ከሐይቁ ዳር በኩል የላይኛው ንጣፍ ላይ ቦዮች ተቆፍረዋል፤ ከቦዮቹ ግራና ቀኝ ጎርፍ ሞልቶ ሲፈስ የሚተወው ዓይነት የአፈር ክምር አለ። ወንዝ በሐይቅ ወለል ላይ ቦይ የሚቆፍረው ሐይቁ በቦታው ከሌለ ነው።

ቀጥሎ መውጋት። በ2007 የታተመው ውጤት ከታች ወደ ላይ ሲነበብ እንዲህ ይሄዳል።

ከሥሩ ደርቆ የተጠቀጠቀ ጠንካራ ደለል አለ። በላዩ ላይ ግን የጠበቁት ጭቃ አልነበረም፤ ጥቁር የብስባሽ አፈር ሆነ፣ ከውስጡም ከተክል ግንድ ተጣብቀው የሚኖሩት ዳያቶሞች ወጡ። ይህ ከሐይቁ እጅግ ጥልቅ ቦታ ነው። ዛሬ 14 ሜትር ውኃ በተኛበት በዚያ ሥፍራ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ማለት ነው፣ ዛሬ በዳር በዳሩ ካልሆነ የማይገኘው። ዝናቡ እየተመለሰ ነው ማለት ነው፤ ግን ገና ነው።

ከዚያ በላይ ጨው የሚወዱ ዳያቶሞች ብቅ ይላሉ። ጣና ጨዋማ ነበር። መውጫ የሌለው ሐይቅ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው፤ ወንዞች ጥቂት ጥቂት ጨው ያመጣሉ፣ ፀሐይ ውኃውን ብቻ ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። አቢያታና ሻላ ዛሬም የሚቀመሱት እንዲያ ነው። ጣና እየሞላ ነበር፣ ግን ከአፉ አልደረሰም።

ከዚያ ጨው ወዳዶቹ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ዘመኑ 14,750 ዓመት በፊት ነው። ሐይቁ ሞልቶ ከአፉ ፈሰሰ፣ ጨውንም አጠበ፤ ዓባይ ከጣና መውጣት ጀመረ። ቆይቶ የተደረገ ተጨማሪ ጥናት ይህን ቀን ጥቂት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ገፋ አድርጎታል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አልተነካም።

የነጭ ዓባይ ምንጭስ? ቶማስ ጆንሰንና ባልደረቦቹ በ1996 ባወጡት ጥናት ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ እንደነበር አሳይተዋል። የተመለሰውም ከጣና ጋር እኩያ በሚባል ጊዜ ነው። ሁለቱ ራሶች ሲነጥፉ ያ ትልቁ ወንዝ በክረምት ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ በበጋ የሚቆራረጥ ጎርፍ ሆኖ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው አነጋገር ያኔ ቢኖር ኖሮ ምፀት አይሆንም ነበር፤ ተራ ዜና ነው።

(ይህ ግኝት የሥነ ሕይወት ሰዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቪክቶሪያ ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከ500 በላይ የሲክሊድ አሳ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሐይቁ ሙሉ ለሙሉ ከደረቀ ሁሉም የበቀሉት በ15,000 ዓመት ነው ማለት ነው፤ ለዝግመተ ለውጥ ይህ የቅጽበት ያህል ነው። ጣናም ላቤኦባርበስ የሚባሉ፣ የእርሱ ብቻ የሆኑ የአሳ ዝርያዎች ስላሉት ጥያቄው ይመለከተዋል።)

የድርቁ ምክንያት ከጎጃም ሰማይ እጅግ ይርቃል። በ1988 ጀርመናዊው ሃርትሙት ሃይንሪክ በሰሜን አትላንቲክ ወለል ጭቃ ውስጥ፣ ሞገድ ሊያደርሳቸው የማይችል የድንጋይ ፍርካሽ ንጣፎች መኖራቸውን ጻፈ። ያደረሳቸው በረዶ ነው። በበረዶው ዘመን ሰሜን አሜሪካን የሸፈነው ግግር በየተወሰነ ጊዜ ተናደ፤ ተራራ የሚያካክሉ የበረዶ ደሴቶች ወደ ውቅያኖስ ተንሳፈፉ፤ ሲቀልጡም የያዙትን ድንጋይ ጣሉ። ብዙ ጨው አልባ ውኃ በአንድ ጊዜ ባሕሩ ላይ ሲፈስ፣ ሙቀትን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የሚያጓጉዘው የውቅያኖስ ዑደት ተዳከመ። ሰሜኑ ቀዘቀዘ፣ የዝናቡም ቀበቶ ተናጋ። ከእነዚህ ክስተቶች አንደኛው ጣናና ቪክቶሪያ ከደረቁበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። የካናዳ በረዶ ሲናድ የጎንደር ክረምት ጠፋ፤ ይህን ለማወቅ ሁለት ጭቃ፣ የአትላንቲኩና የጣናው፣ ጎን ለጎን መቀመጥ ነበረበት።

* * *

ከድርቁ በኋላ የመጣው የተገላቢጦሽ ነው። ምድር በዘንጓ ላይ እንደ እንዝርት እየተንገዋለለች ስትዞር፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በራሱ በጋ (በእኛ ክረምት) ወራት ከዛሬው 8 በመቶ ያህል የበለጠ ፀሐይ ያገኝ ነበር። የብሱ ሲግል የባሕሩን እርጥብ አየር ይስባል፤ ክረምቱ በረታ፣ ሰሃራ ሣር ለበሰ፣ ሐይቆችም በየበረሃው ተንጣለሉ።

የዚህን ዘመን ምልክት ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው ከዝዋይ እስከ ሻላ ያለውን ሜዳ ሲያቋርጥ በአሮጌ ሐይቅ ወለል ላይ ነው የሚነዳው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ ያኔ አንድ ውኃ ነበሩ። ገጹ ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። በኮረብታዎቹ ወገብ ላይ እንደ ደረጃ የተሰለፉት መስመሮች የዚያ ሐይቅ ዳርቻዎች ናቸው፤ በቡልቡላ ወንዝ ገደል የሚታየው ነጭ አፈር ደግሞ የዳያቶም ቅሪት ነው። ጋስና እንግሊዛዊቷ አሊን ስትሪት በ1970ዎቹ እነዚህን ዳርቻዎች እየለኩ፣ ትልቁ ሐይቅ በዝግታ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴም በድንገት ይወርድ እንደነበር አስረድተዋል። ቆይቶም ዝናቡ ሳሳ። ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰሃራ ወደ አሸዋነቱ ተመለሰ። በጣና ደለል ውስጥም ከ4,200 ዓመት አካባቢ በፊት የደረቅ ዘመን ምልክት አለ፤ የግብፅ ጥንታዊው መንግሥት የፈረሰውም በዚያው ሰሞን ነው። ፈርዖኖቹን የጣለው የኢትዮጵያ ክረምት ብቻ ነው ማለት ግን ከጭቃው በላይ መናገር ነው።

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያነጋግረው የሐይቅ ዘንግ ከወሎ የወጣው ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ 40 በመቶዋ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየስብሰባው፣ በየመማሪያ መጽሐፉ ተደጋግሟል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ከየት እንደመጣ ለማጣራት ሞክሮ መሠረቱ የላላ ሆኖ አግኝቶታል። በ2003 ደግሞ መሐመድ ኡመርና ሄንሪ ላምብ የተሳተፉበት ጥናት ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ያወጣውን ብናኝ ቆጥሮ አሳተመ። ዝግባና ጥድ የነበረው ደን የጠፋው ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በቦታው ክትክታና ሣር ገባ። ይህ ወደ 1,800 ዓመት ቆየ። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥዱ ተመለሰ፣ ወይራም አብሮት። እንደገና መመናመን የጀመረው ባለፉት 300 ዓመታት ነው።

ጥዱ መመለስ ሲጀምር የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት እዚያው ነበሩ። ዜና መዋዕሎቻችን ስለ ነገሥታቱ ዘመቻ ብዙ ይላሉ፤ ስለ ጥዱ መመለስ የቆጠረው ግን የሐይቁ ጭቃ ነው። ደኑን የመለሰው የሕዝብ መመናመን ይሁን የዝናብ ለውጥ ብናኙ ብቻውን አይለይም። አንድ ነገር ግን አፍርሷል፤ ደን ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ ቆይቶ በአያቶቻችን ዘመን ብቻ ወደቀ የሚለውን ቀጥ ያለ ታሪክ።

* * *

ሩቅ መሄድ ለፈለገ ጨው ባሕር አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ ጫፍ፣ ኬንያን ተጎራብቶ የሚገኘው ይህ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የማይታይበት የጨውና የጭቃ ወለል ነው። የአውሮፓዊው አሳሽ የቴሌኪ ቡድን በ1888 ሲደርስበት ሐይቅ ብሎ በኦስትሪያዋ ልዕልት ስም ስቴፋኒ ሰየመው። የአገሬው ስም ይበልጥ እውነተኛ ነው።

በ2014 መጨረሻ ላይ ዓለም አቀፍ ቡድን እዚህ ቁፋሮ ተከለ። ፍራንክ ሼቢትስና ቬሬና ፈርስተር ከኮሎኝ፣ አስፋወሰን አስራት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከመሪዎቹ ነበሩ። እዚህ የእጅ ዘንግ አይበቃም፤ የወጣው ደለል ከሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች ተጋጥሞ 290 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 620,000 ዓመት ዕድሜ ሆነ። አንድ ሜትር ከ2,000 ዓመት በላይ ይይዛል፤ ከክርስቶስ ልደት እስከ ዛሬ ያለው በሁለት ክንድ ተዘርግቶ ያልቃል።

በጨው ባሕር የድርቅ ጠቋሚ ፖታሲየም ነው። ሐይቁ ሲጎድል ውኃው ይከርርና ፖታሲየሙን ወደ ሸክላው አፈር ውስጥ ይቆልፈዋል። በ2022 ኔቸር ጂኦሳይንስ ላይ በወጣው ንባብ መሠረት ታሪኩ ሦስት ምዕራፍ አለው፦ ከ620,000 እስከ 275,000 ዓመት በፊት በአመዛኙ የተረጋጋና እርጥብ፤ ከዚያ እስከ 60,000 ዓመት በፊት እርጥበትና ድርቅ ቶሎ ቶሎ የሚፈራረቁበት፤ ከዚያ እስከ 10,000 ደግሞ በጽንፍና በድርቀት የባሰው። ብዙም ሳይርቅ በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪት ዕድሜ ከ233,000 ዓመት እንደማያንስ የታወቀው የሻላ እሳተ ገሞራ በጣለው አመድ ነው። ስለዚህ የእኛ ዓይነት ሰው ዝናቡ በማይታመንበት በሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ በአካባቢው እንደነበረ ይገመታል።

ከዚህ ተነሥቶ «መከራው ብልህ አደረገን» ማለት ያጓጓል፤ አንዳንዶቹ ተመራማሪዎች ወደዚያ ያዘነብላሉ። የላምብ ቡድን ደግሞ በ2018 ባሳተመው የጣና 150,000 ዓመት መዝገብ ሌላ ነገር አስተዋለ፦ የመጨረሻው ሞቃት ዘመን ሲገባ ሰሜኑ ደጋ ወደ ተረጋጋና እርጥብ የአየር ንብረት ተሸጋግሯል፤ ሰው የበዛውና ወደ ውጭ የተሰራጨው በዚያ ምቾት ሊሆን ይችላል አሉ። ሁለት ሐይቅ፣ ሁለት ታሪክ። ሰውን በተመለከተ ጭቃው ስለ አየሩ የሚያህል እርግጠኝነት የለውም፤ አጥንቱ ጥቂት ነው፣ በጭቃው ውስጥም ሰው አይታይም።

የጨው ባሕር ደለል ዛሬ በአሜሪካ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ ዘንግ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ለምርመራ ሲቆረስ፣ ሌላው ግማሽ ገና ያልተፈለሰፈ መሣሪያ ላለው ሰው ይቀመጣል።

ጣና ደግሞ መዝገቡን አላቆመም። እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ላይ የታወቀው በ2011 ነው። ሲሞት ይሰጥማል፣ ይበሰብሳል፣ ብናኙና ቅሪቱ ከጉማራና ከርብ አፈር ጋር ይነባበራል፤ ከሺህ ዓመታት በኋላ የሚቆጥረው ካለ አረሙ የገባበትን ቦታ በቀላሉ ያገኘዋል። ሐይቁ በቀድሞው ፍጥነት ብቻ ደለል አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ ያለው ሁሉ ተሰብስቦ ገና አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም።